ተራራ ስትመርጡ መጀመሪያ ቁልቁለቱን አስቡ

«ለጀማሪ የትኛው ተራራ ይሻላል?» ይህን ጥያቄ ቶሎ ቶሎ እሰማለሁ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ቤቴ ደግሞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ። የሥራ ባልደረባም፣ ታካሚም፣ ጎረቤትም ሃይኪንግ ሲያምረው እኔን ይጠይቃል። ሁሉም የሚያሳስባቸው ዳገቱ ነው። «ይከብዳል? ትንፋሽ ያሳጥራል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ስለ ቁልቁለቱ እጠይቃቸዋለሁ።

ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ሳንባችንም ደማችንም ስስ አየር ለምዷል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ እንጦጦ ላይ ቁና ቁና ሲተነፍስ እኛ ወሬ እያወራን እንወጣለን። ታፋችን ግን እንደ ሳንባችን አልለመደም። ዳገት ስንወጣ የታፋችን የፊት ጡንቻ እያጠረ ይገፋናል። ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻን የሚጎዳው ይሄኛው ሥራ ነው። ሕመሙም ወዲያው አይመጣም። በማግሥቱ ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ይብሳል። እሑድ ተራራ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ማክሰኞ ዕለት መደገፊያውን ይዞ ጎን ለጎን ደረጃ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቁልቁለቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እግር ዝሎ፣ ውሃ አልቆ፣ ሐሳብ ቤት ገብቶ። ቁርጭምጭሚታቸው ዞሮ ወደኔ የሚመጡ ሰዎች «እንዴት ሆነ?» ስላቸው በብዛት «ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን» ይሉኛል። ስለዚህ ተራራ ስትመርጡም፣ ስትዘጋጁም፣ ጫማ ስትገዙም ወርዳችሁ ቤት እስክትገቡ ያለውን አስቡ።

የተራራው ከፍታ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም

ብዙ ሰው ተራራ የሚመርጠው የጫፉን ቁጥር አይቶ ነው። ይህ ያሳስታል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ግን ታክሲ እላይ ድረስ ያደርሳችኋል። ዝቋላ ደግሞ 3,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ተራራ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዝቋላ ጫፍ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከግርጌው ተነስቶ ዝቋላን በእግሩ የወጣ ሰው እንጦጦ ላይ ቀኑን ሙሉ ከዋለው በላይ ይደክመዋል።

ስለዚህ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከምትነሱበት እስከ ጫፉ ያለው የከፍታ ልዩነት ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ደርሶ መልሱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? እነዚህን ካወቃችሁ ሰዓቱን መገመት ቀላል ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ሒሳብ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን ዕረፍት የሌለበትና ለጠንካራ እግር የወጣ ሒሳብ ነው። ለጀማሪ ግማሹን ጨምሩበት፤ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፎቶ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ አምስት በሉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ8 ኪሎ ሜትርና ከ300 ሜትር ዳገት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ርቀቱን ወይ ዳገቱን ጨምሩ እንጂ ሁለቱንም በአንዴ አትጨምሩ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ብዛት ካለው ደግሞ መንገዱ የሚመረጠው በጣም ቀርፋፋ በሆነው ሰው ልክ ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ጎበዞቹ ወደፊት ሄደው ጀማሪውን ኋላ ብቻውን መተው የቡድን ጉዞ አይባልም።

ከአዲስ አበባ የት ይጀመር?

ከእንጦጦ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተሠራ መንገድ አለው፤ መጸዳጃ ቤት አለው፤ ሰው አይጠፋበትም። ጫማችሁን፣ ቦርሳችሁን፣ እግራችሁን የምትፈትሹበት ቦታ ነው። እዚያ ሁለት ሰዓት ተራምዳችሁ ተረከዛችሁ ካልተላጠ ቀጣዩን ማሰብ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ከሽሮ ሜዳ በእግር ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ነው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የከበዳችሁ ዕለት ግን ታክሲ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከባሕር ዛፉ ሥር ስትገቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከወደቀው ቅጠልና ቅርፊት መሐል የባሕር ዛፉ ፍሬ አለ፤ ጠንካራ፣ ግራጫ፣ የኮት ቁልፍ የሚያህል። ቁልቁለት ላይ ሲረገጥ ይንከባለላል። ደረቁ ቅጠልም በራሱ ያንሸራትታል። በበጋ እንጦጦ ላይ ብዙ ሰው በዚህ ይወድቃል። አፈሩ ወይም ድንጋዩ በሚታይበት በኩል እርገጡ፤ እርምጃችሁን አሳጥሩ።

ጫካው ውስጥ ብቻችሁን አትሂዱ። አራት ሰው ቢያንስ። ስልክ እያወጡ እያስገቡ መሄድም አያስፈልግም። ጎሕ ሳይቀድ አትነሱ፤ ጅቡ ገና አልገባም።

ከዚያ መናገሻ ሱባ ደን አለላችሁ፤ በሰበታ በኩል፣ ወጨጫ ተራራ ላይ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥዱና ዝግባው ጥላ ስለሚሰጥ ፀሐይ ለማይችል ሰው ከእንጦጦ ይመቻል። ወደ ላይ እየወጣችሁ ስትሄዱ ኮሶ ይመጣል። ዝም ካላችሁ ጉሬዛ ታያላችሁ። ለእኔ ከከተማዋ አቅራቢያ እንደዚህ ደን የሚያስደስተኝ ቦታ የለም። በሩ ላይ ጥበቃ ወይም አስጎብኚ ጠይቁ፤ መንገዱ ሲከፋፈል ደን ውስጥ መሳት ቀላል ነው።

ወንጪን ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጉዞ ይመርጠዋል፤ እኔ ለሦስተኛ እመርጠዋለሁ። ወንጪ የተገለበጠ ተራራ ነው። መኪና ከሐይቁ በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ያወርዳችኋል። በትኩስ እግር እየሳቃችሁ ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ፤ በጀልባ ደሴቱ ላይ ወዳለው ቂርቆስ ገዳም ትሻገራላችሁ፤ ምሳ ትበላላችሁ። ዳገቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ፀሐይዋ ከበረታች ነው። ከወረዳችሁበት ጊዜ እጥፉን ለመውጫው ያዙ። የደከመው ሰው የአካባቢው ልጆች በሚያከራዩት ፈረስ ይውጣ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የረርና ዝቋላ ከዚህ በኋላ ናቸው። ወደ ዝቋላ አቦ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው። ገዳም ስለሆነ ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶች ሙሉ ሱሪ ያዙ። የጫፉ ሐይቅ ጠበል ነው፤ እግር መታጠቢያ አይደለም።

ስለ ደኅንነት በግልጽ ልናገር። ባለፉት ዓመታት ከከተማ የሚያስወጡ መንገዶች አንዳንዴ ሰላም፣ አንዳንዴ ችግር ነበረባቸው። ባለፈው ወር ሰላም ነበር ማለት ዛሬም ሰላም ነው ማለት አይደለም። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው ወይም በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሾፌር ጠይቁ። «ግድ የለም፣ ትንሽ ነገር ነው» ካሏችሁ ቅሩ። መታወቂያችሁን ሁልጊዜ ያዙ። አንቴና ወይም ካምፕ ያለበት ጉብታ ላይ ካሜራ አታውጡ።

እግር የሚዘጋጀው ደረጃ ላይ ነው

ስድስት ሳምንት ይበቃል። ጂም አያስፈልግም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ደግሞ ሊፍት የሌለው አራት ፎቅ አላችሁ፤ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ታካሚዎቼን የማስጀምራቸው እንቅስቃሴ ይሄ ነው። በመጨረሻው ደረጃ ጠርዝ ላይ በቀኝ እግራችሁ ቁሙ። መደገፊያውን በጣታችሁ ንኩት እንጂ አትንጠልጠሉበት። ግራ እግራችሁን ወደ ፊት አውጡና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። ተረከዛችሁ መሬት ሊነካ ሲል፣ ክብደታችሁን ሳትጥሉበት ተመለሱ። አሁን የቆማችሁበትን ጉልበት እዩት። ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው ጉልበት እየታጠፈ ነው? የብዙ ሰው ይታጠፋል። ከእግራችሁ ሁለተኛ ጣት ትይዩ ሆኖ እንዲሄድ አስተካክሉት። መስታወት ፊት ብትሠሩት ወዲያው ታዩታላችሁ። በየእግሩ ስምንት ጊዜ፤ አርፋችሁ ሌላ ስምንት። በሳምንት ሦስት ቀን። ተራራ ላይ ጉልበታችሁ ፊት ለፊቱን ሲወጋችሁ መነሻው ብዙ ጊዜ ይሄ መታጠፍ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በዝግታ ውረዱ። ድምፅ ሳታሰሙ። እግራችሁ ዷ ዷ ካለ ጡንቻው ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው የሚሸከማችሁ። በአራተኛው ሳምንት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሞልታችሁ በጀርባ ቦርሳ ያዙ። አራት ኪሎ ነው፤ የእውነተኛው ጉዞ ሸክምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የእግር መንገድ ጨምሩ። በመጨረሻው ሳምንት ቀነስ አድርጉና ዕረፉ።

የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ከፋርማሲ ስለሚገዛው የጉልበት ማሰሪያ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ሙቀት ይሰጣል፤ ድፍረትም ይሰጣል። የደከመ ታፋን ግን አይተካም። ከጉዞ በፊት «ለጥንቃቄ» ብላችሁ የሕመም ማስታገሻ አትዋጡ። ሕመሙ ምልክት ነው፤ ምልክቱን አጥፍታችሁ ስትቀጥሉ ጉዳቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ለኩላሊት ጥሩ አይደሉም።

ዱላ ግን ያዙ። ቁልቁለት ላይ የጉልበትን ጫና ይቀንሳል። ዘመናዊው ባለ ሁለት ቢሆን ደስ ይላል፤ ካልሆነ ጥሩ ሽመል ይሠራል። ሜዳ ላይ ስትይዙት ክርናችሁ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ። ስትወርዱ ትንሽ ይርዘም።

ጫማ

ውድ ጫማ የግድ አይደለም። ልክ የሆነ ጫማ ግን ግድ ነው። ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ውሎ ያብጣልና። ለጉዞው የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን ወደፊት ገፋ አድርጉና ከተረከዛችሁ ኋላ ሌባ ጣታችሁን አስገቡ። ከገባ ልክ ነው። ቀጥሎ ክሩን አጥብቃችሁ እሰሩና ደረጃ ካለ ውረዱበት። የእግራችሁ ጣት የጫማውን ጫፍ ከመታ ተዉት። ሱቁ ውስጥ አንዴ የነካ ጣት ቁልቁለት ላይ በየእርምጃው ሲመታ ይውላል፤ ጥፍራችሁ ጠቁሮ ይወድቃል።

ብዙዎቻችን ከመርካቶ ሰልባጅ ነው የምንገዛው፤ ጥሩ ቡትስም ይገኛል። ግን ፈትሹት። ከላይ አዲስ መስሎ ዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ጫማ አለ። ሶሉና ቆዳው መሐል ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። እንደ ላስቲክ ከተመለሰ ደህና ነው። ከተፈረፈረ ወይም የጥፍር ምልክቱ ከቀረ አትግዙት፤ ያ ስፖንጅ ከዕድሜ የተነሳ አብቅቷል፤ ተራራው መሐል ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። ጫማውን እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ነው እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። ጥርሱ ያለቀ ሶል ለቁልቁለት አይሆንም።

አዲስም ይሁን ሰልባጅ፣ ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት ለሥራም ለገበያም አድርጉት። ከመውረዳችሁ በፊት ጫፉ ላይ ተቀመጡና ክሩን እንደገና እሰሩት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ፣ ጣቶቹ ላይ ላላ። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ። የሆነ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር «ስደርስ አየዋለሁ» አትበሉ። ወዲያው ቁሙ፣ ጫማውን አውልቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተር ብዙም አያደርግላችሁም።

ልብስ፣ ምግብ፣ ውሃ

ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ጂንስና ጥጥ ቲሸርት ላብም ዝናብም ከጠጡ በቶሎ አይደርቁም፤ ገላ ላይ ሆነው ሙቀታችሁን ይወስዳሉ። የስፖርት ቲሸርት፣ በላዩ ቀለል ያለ ሹራብ፣ በላዩ ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ማታ እሳት ዳር ወደር የለውም፤ ዝናብ ሲመታው ግን ሸክም ነው። ቀን ላይ መኪና ውስጥ ይቆይ። ኮፍያ ያዙ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ሆናም ታቃጥላለች።

ለምግብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ። በሶን በውሃ በጥብጣችሁ ትንሽ ጨውና ስኳር ብትጨምሩበት በውጭ አገር በውድ የሚሸጠውን የስፖርተኛ መጠጥ የሚያስንቅ ነገር ታገኛላችሁ። ሳይርባችሁ ብሉ፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር አስቡ፤ ለግማሽ ቀን ሁለት፣ ለሙሉ ቀን ሦስት ሊትር። የምንጭ ውሃ ንጹሕ መስሎ ቢታያችሁም እንዲሁ አትጠጡ። ውሃ አጋር ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ጾም ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን አስቡበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ረጅም ተራራ መውጣት ለአካል ጥሩ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ማዞር ሲመጣ ደግሞ አደጋ ነው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ ሰዓት ስለማይጾም ጉዞውን በእነዚያ ቀናት አድርጉት፤ ከላይ የዘረዘርኩት ምግብም ሁሉም የጾም ነው። በረመዳን የሚጾሙ ጓደኞች ካሏችሁ ረጅሙን ጉዞ ከዒድ በኋላ አቆዩት።

የሚቀረው ትንሽ ነው። የግንባር ባትሪ፣ በዚያው ቀን ብትመለሱም። ካርታው ቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ፤ ኔትወርክ ይጠፋልና። ፓወር ባንክ፣ ፕላስተር፣ ተጠቅላይ ፋሻ። የቆሻሻ ፌስታል፤ ይዛችሁት የወጣችሁትን ሃይላንድ ይዛችሁት ውረዱ። ለቤተሰብም መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ፦ «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ።» የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ግን ተራራ አይወጣም። የተጎዳውን እስከ መኪና መንገድ የምታደርሱት እናንተና የአካባቢው ሰው ናችሁ።

ወቅቱና ሰዓቱ

ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ጥቅምት ላይ መሬቱ አረንጓዴ ነው፤ አደዩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አየሩ ይጠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ። በልግ ከሰዓት በኋላ ይጥላል። ክረምት ላይ ለጀማሪ አልመክርም። ከዝናቡ ይልቅ የምፈራው ዋልካውን ነው። ጫማ ላይ እየተጋገረ እግራችሁን በእጥፍ ያከብደዋል፤ ቁልቁለት ላይም ሳሙና ይሆናል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መራመድ ጀምሩ። የመመለሻ ሰዓታችሁን ቤት ሳላችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ ስድስት ሰዓት። ስድስት ሰዓት ሲሞላ የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ እዚያ ጋር ቢታይም፣ ትዞራላችሁ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ መብረቅም አለ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከሸንተረሩ ወዲያው ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ገላጣ ቦታ ከያዛችሁ ዱላውን አስቀምጡ፣ ተራራቁ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሸንተረር አትመለሱ።

መንገድ ላይ ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ያገኛችሁትን ሰው ሰላም በሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ጀምሩ፣ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ። መንገድ የጠቆማችሁን ሽማግሌ «አባባ» ማለት አትርሱ። ማሳ አትርገጡ። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ቆም ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ መስላችሁ ጎንበስ በሉ፤ አብዛኛው ያፈገፍጋል። ባለቤቱን ከሩቅ መጥራት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ከ3,500 ሜትር በላይ ሲሆን

አንድ ዓመት ያህል በዙሪያው ከተራመዳችሁ በኋላ ስሜንና ባሌ ማማራቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ሳንባችን ብቻውን የማይበቃው። 3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ገደማ ነው። 4,500 ሜትር ላይ ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል።

ባሌ ይህን በደንብ ያሳያል። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ መኪና ይደርሳል። እግራችሁ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ራሳችሁ ሊያማችሁ ይችላል። ስለዚህ ዲንሾ ወይም ጎባ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሳነቴ ላይም ቀይ ቀበሮ ባያችሁ ቁጥር አትሩጡ።

ስሜን ላይ ከደባርቅ ተነስቶ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ናቸው። ካምፖቹ በዚህ ቅደም ተከተል መሆናቸው ለጀማሪ ይመቻል፤ ለዚህም ነው ቀን አሳጥሮ በቀጥታ ጨነቅ ማደር የማልመክረው። ሦስትና አራት ቀን ይዛችሁ ጭላዳውንና ዋልያውን አይታችሁ ተመለሱ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሽን ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ጉዞው ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ጥበቃ፣ አይፈቀድም፤ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመደብላችኋል። በቅሎም ከእነባለቤቷ ተከራዩ፤ ድንኳኑን እሷ ትሸከም፤ ከደከማችሁም መቀመጫ አላችሁ። መጀመሪያ ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ሰላምም መሆኑን ከዚያው ከደባርቅ አጣሩ።

ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞር ከመጡ ከዚያ በላይ አትውጡ። እዚያው ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን አትንኩ። ካልተሻላችሁ ውረዱ። ሰውዬው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሰው አብሮት፣ ባትሪ አብርታችሁ አውርዱት። ብዙ ጊዜ 500 ወይም 1,000 ሜትር መውረድ ለውጥ ያመጣል።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከአውሮፕላን እንደወረደ ወደ ስሜን አታብሩት። አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ እንጦጦ ውሰዱት፣ በእግሩ ይውጣ፣ በእግሩ ይውረድ። በሁለተኛው ቀን ደረጃ ሲወርድ አይታችሁ ትወስናላችሁ።